«ሙዚቃ ይሰማል እንጂ አይነበብም» ለምትሉ ሁሉ

የዛሬው ረዘም ይላል። ጀበናው እስኪፈላ ድረስ አንብቡት፤ ካልተመቻችሁም እለፉት፣ አንቀያየምም።

እኔ ክላሲካል ሙዚቃ የምሰማው ኖታውን ከፊቴ ዘርግቼ ነው። ቅጂው ጆሮዬ ላይ፣ ወረቀቱ ዓይኔ ሥር። ወረቀት ስል ብዙ ጊዜ የስልክ ስክሪን ነው። እዚህ ጨፋ ሮቢት (ሸዋ ሮቢት አላልኩም፤ ሁሌ ለምታምታቱት፣ እኛ የከሚሴ ጎረቤቶች ነን) ይህን የሚያይ ሰው የሚለው አንድ ነው። አዲስ አበባ ያለውም እንደዚያው። «ሙዚቃ ይሰማል እንጂ አይነበብም።» ከዚያ ሳቅ። ከዚያ «ፈረንጅ ሆንክብን»።

አባባሉ ለጆሮ ያምራል። ስላማረ ብቻ ግን እውነት አይሆንም። ዛሬ ልሞግተው ነው።

ነገሩ የኔ ትርፍ ሰዓት ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። የሰው ትርፍ ሰዓት ማንን ያገባዋል? ግን ይሄ አባባል ቡና ላይ አይቀርም። ትምህርት ቤት ይገባል። የባህል ስብሰባ ላይ ይገባል። የአንድ ሽማግሌ መንዙማ በስልኩ ቀድቶ «አለቀ፣ ተቀመጠ» ብሎ የሚሄደው ልጅ ጭንቅላት ውስጥም ይገባል። እዚያ ሲደርስ ዋጋ ያስከፍላል። ምን እንደሚያስከፍል ወደ ታች እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን በጆሯችን ላይ ያለንን እምነት እንፈትሽ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አባቶች። ልክ ናቸው።

የቤትሆቨንን 5ኛ ሲምፎኒ እንውሰድ። ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ መክፈቻውን ያውቀዋል፤ በማስታወቂያ፣ በስልክ ጥሪ፣ በፊልም ሰምቶታል። ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም። «ይህ ሙዚቃ በምን ይጀምራል?» ብዬ ብጠይቃችሁ «በሦስቱ አጫጭር ድምፆች» ትሉኛላችሁ። አይደለም። የሚጀምረው በዝምታ ነው። የመጀመሪያው ባር ውስጥ (ባር ማለት በሁለት ቋሚ መስመሮች መሀል ያለች የጊዜ ክፍል ናት) መጀመሪያ የተጻፈችው የዕረፍት ምልክት ናት። ተጫዋቾቹ ሁሉ እኩል ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ምቱ በባዶ ያልፋል፣ ከዚያ ሦስቱ ድምፆች ይወርዳሉ። መክፈቻው ከኋላ እንደገፋን የሚያስደነግጠን ለዚህ ነው። ይህችን ዝምታ በጆሮ ብቻ ልታገኟት አትችሉም፤ ቅጂው ከመጀመሩ በፊት ካለው ዝምታ የሚለያት ነገር የለም። ወረቀቱ ላይ ግን ቁጭ ብላለች።

ሁለተኛ። ያን መክፈቻ የሚጫወተው ማነው? ጆሮ «ቫዮሊኖቹና ወንድሞቻቸው» ብሎ ይመልሳል። ኖታው ከባለ አውታሮቹ ጋር ክላርኔቶችም እንዳሉ ያሳያል። ተለይተው አይሰሙም፤ ድምፁ ውስጥ ገብተው ቀለሙን ያከብዱታል። ዓይን አንዴ ካየ በኋላ ጆሮ ፈልጎ ያገኛቸዋል። ዓይን ጆሮን አስተማረው ማለት ነው።

ሦስተኛ። ረጅሙ ድምፅ ላይ ፌርማታ የሚባል ምልክት አለ። አዎ፣ ያው የታክሲው ፌርማታ! ከጣሊያንኛ የመጣ አንድ ቃል ነው፣ መቆሚያ ማለት ነው። «እዚህ ላይ ቁም፣ ያዘው» ነው የሚለው። መክፈቻው ሁለቴ ሲመጣ ሁለቱ ረጃጅም ድምፆች ለጆሮ እኩል ይመስላሉ። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለተኛው አንድ ተጨማሪ ባር ይዟል። ቤትሆቨን ሁለተኛውን ረዘም እንዲል ፈልጓል ማለት ነው። ኮንዳክተሩ ይህን አከበረ ወይስ አላከበረም? ወረቀቱን ሳያይ ይህን የሚፈርድ ጆሮ ካለ አምጡልኝና ቡና እጋብዘዋለሁ።

አንድ ልጨምር። የዚህ ሲምፎኒ የመጀመሪያ ክፍል 502 ባር ነው። መጀመሪያ ላይ ያሉት 124 ባሮች እንዲደገሙ ታዘዋል፤ በጠቅላላው 626። ቤትሆቨን ራሱ ፍጥነቱን በሜትሮኖም ወስኖታል፤ በደቂቃ 108 ባር። አካፍሉት። ፌርማታዎቹን ሳንቆጥር 6 ደቂቃ አይሞላም። አብዛኛው ቅጂ ግን 7 ደቂቃ ያልፋል። ይቺን ደቂቃ ማን ጨመራት? ፉርትቬንግለርን የመሰለ ዝግ የሚል መሪ ለምን ጨመረ? ቶስካኒኒን የመሰለ ፈጣን መሪስ ለምን ቸኮለ? ትክክለኛው የቱ ነው የሚለው ሌላ ክርክር ነው። የኔ ነጥብ ጥያቄው ራሱ ኖታ ለያዘ ሰው ብቻ የሚመጣ መሆኑ ነው። ኖታ የሌለው አድማጭ የቀረበለትን ይበላል። ኖታ የያዘው ደግሞ ይጠይቃል።

«እሺ፣ ዓይን ይረዳል። ግን ሙዚቃው ያለው ድምፁ ውስጥ ነው» የምትሉ አላችሁ። ቆይ።

የቻይኮቭስኪ 6ኛ ሲምፎኒ፣ የመጨረሻው ክፍል። እ.ኤ.አ. በ1893 በሴንት ፒተርስበርግ ራሱ መርቶ አሰማው፣ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ክፍሉ ሲጀምር ወደ ታች የሚወርድ፣ አንጀት የሚበላ ዜማ አለ። ሁሉም ሰው ይሰማዋል። አሁን ኖታውን ክፈቱ። ዜማው የለም! የመጀመሪያዎቹን ቫዮሊኖች መስመር ብቻ ብትከተሉ የሚዘል፣ የተቆራረጠ ነገር ታገኛላችሁ። የሁለተኛዎቹም እንደዚያው። አንዱን ድምፅ እነዚያ፣ ቀጣዩን እነዚህ፣ እየተቀባበሉ ነው የሚጫወቱት። የምንሰማውን ዜማ ከተጫዋቾቹ መካከል አንድም ሰው አይጫወተውም። የሚገጥመው እኛ ጆሮ ውስጥ ነው። ክፍሉ ሄዶ ሄዶ ዜማው ሲመለስ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ቫዮሊኖች ብቻቸውን ቀጥ አድርገው ይዘውታል። መጀመሪያ የተበጣጠሰው ሐዘን በኋላ አንድ ሰው ትከሻ ላይ አረፈ። ይህን ያወቀ ሰው ያን ዜማ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ይሰማዋል? አይሰማውም።

ተቃራኒውም አለ። ሹማን እ.ኤ.አ. በ1839 በጻፈው ሁሞሬስክ በተባለው የፒያኖ ሥራ ውስጥ፣ ከሁለቱ እጆች መስመር መሀል ሦስተኛ መስመር አለ። «የውስጥ ድምፅ» ተብሎ ተጽፎበታል። አይጫወቱትም። ፒያኒስቱ ያየዋል፣ በልቡ ይዘምረዋል፣ እጁ ግን አይነካውም። እንግዲህ «ሙዚቃ ይሰማል እንጂ አይነበብም» የምትሉ፣ ይህ መስመር ምንድን ነው? ሙዚቃ አይደለም? አቀናባሪው ሙዚቃ ነው ብሎ ጻፈው። ሳያነብ የሚሰማ ሰው መኖሩን እንኳ አያውቅም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው።»

እዚሁ እንቆይ፣ ሩቅ አንሂድ። መድረሳ ያደገ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ላስታውሳችሁ። ኡስታዙ ሲቀራ ልጁ ሙስሐፉን ዘርግቶ በጣቱ መስመሩን እየተከተለ ይሰማል። ሙስሐፉ ላይ የት እንደሚረዘም፣ የት እንደሚቆም ምልክት አለ። ግብፃዊው ቃሪእ ሼኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ሙሉ ቁርኣንን እ.ኤ.አ. በ1961 በድምፅ ካስቀዱ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ስንቱ ሰው ሙስሐፍ ዘርግቶ በእሳቸው ድምፅ ተምሯል። ልብ በሉ፣ ቁርኣን ሙዚቃ ነው አላልኩም፤ ከዚያ አላህ ይጠብቀኝ። የማወራው ስለ ማዳመጥ አደብ ነው። እዚያ ቦታ ላይ «ይሰማል እንጂ አይነበብም» ያለ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የለም። ለሚያከብሩት ነገር ዓይንም ጆሮም እንደሚያስፈልግ ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቃለን።

ወደ ጎረቤቶቻችን እንሻገር። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ድጓ ከመስመሩ በላይ በትናንሽ ፊደላትና ምልክቶች የተሞላ መጽሐፍ ነው። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሒደት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ፤ እነዚህ የዜማ ምልክቶች ናቸው፤ ድርስና አንብር ይጨመሩባቸዋል። ዜማው የቅዱስ ያሬድ፣ ምልክቶቹ ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት የአዛዥ ጌራና የአዛዥ ራጉኤል ናቸው ብሎ የቤተ ክርስቲያኑ ትውፊት ያስተምራል። ቤትሆቨን ሊወለድ ሁለት መቶ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። የድጓ ተማሪ ከመምህሩ አፍ ይሰማል፣ መጽሐፉን ያያል፣ ድጓውን በገዛ እጁ ይገለብጣል፣ በመጨረሻም ደቡብ ጎንደር ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ጆሮ፣ ዓይን፣ እጅ፣ ምስክር። አራቱም። ከዚህ የጠነከረ ኖታ የመከተል ትምህርት ቪየናም የለም።

የኛም ወሎ አለ። የመንዙማ ሊቃውንት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የኖሩትን ሼኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈርን ጨምሮ፣ አማርኛውን በዓረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ፣ ጽፈው አቆይተዋል። በአፍ ብቻ ይበቃል ቢሉ ኖሮ ቀለም ባልበጠበጡ። «ቃል ይረሳል፣ ጽሑፍ ይወረሳል» የሚለው ተረት የማን ነው? የፈረንጅ ነው?

ስለዚህ «የፈረንጅ ነው» የሚለው ክስ ሲገለጥ አባቶቻችን ያደረጉትን አለማወቅ ነው። የራስን ንብረት ለሰው አስረክቦ፣ ሲመልሱለት «የኔ አይደለም» ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ከበድ ያለውን ተቃውሞ ላንሳ፤ ይሄኛው ከሚያውቁ ሰዎች ስለሚመጣ አከብረዋለሁ። እንዲህ ይላሉ፦ «አምስቱ መስመር የኛን ዜማ አይዝም። የመሲንቆው ጣት ከፒያኖው ቁልፍ ጋር አይገጥምም። የመንዙማው ጉሮሮ አወራረድ በኖታ አይጻፍም። ከጻፍከው ገደልከው።»

ግማሹ እውነት ነው። ባቲን በዶሬሚ «ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ» ብለው ሲጽፉት (ሚውንና ሲውን ዝቅ ያደረገውም ባቲ ነው) መሲንቆ መቺው የሚነካት ሚ ፒያኖው ላይ ካለችው ሚ ልትለይ ትችላለች። ወረቀቱ ያን አይነግራችሁም። ግን ወረቀት የትኛውን ሙዚቃ ሙሉ በሙሉ ይዞ ያውቃል? የቤትሆቨን ፌርማታ ስንት ሰከንድ እንደሚያዝ የት ተጽፏል? የትም። የድጓው ምልክትስ? ዜማውን ከመምህሩ አፍ ላልሰማ ሰው ዝም ያለ ፊደል ነው፤ የሚያውቀውን ያስታውሰዋል እንጂ የማያውቀውን አይዘምርለትም። ዐጀሚው ደግሞ ቃሉን ይዞ ዜማውን ለዘማሪው ይተዋል። ሦስቱም ጽሕፈቶች አንድ ነገር ይይዛሉ፣ አንድ ነገር ይለቃሉ።

መልሱ ታዲያ ምንድን ነው? ወረቀቱ የለቀቀውን ቅጂው ይይዘዋል። ቅጂው የሸፈነውን ወረቀቱ ይገልጠዋል። የኔ ክርክር «ኖታ ይበቃል» ሆኖ አያውቅም። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሁኑ ነው። ካይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጀፈሪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ዜማ በሦስት ቅጽ ሲያሳትሙ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የድጓውን ምልክት፣ በአምስት መስመር የተጻፈውን ዜማ፣ ከድምፅ ቅጂ ጋር። «አይጻፍም» የተባለው ተጻፈ፣ ያልተያዘውንም ድምፁ ያዘው። ዜማው ሞተ? አልሞተም፤ ሊቃውንቱ ዛሬም በቦታቸው ይዘምሩታል።

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስቀዱት የፒያኖ ሥራ ብዙ ዓመት ጥቂት ሰው ብቻ ሲያውቀው ኖረ። በ2006 «ኤትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 21ኛ ቁጥር ላይ ሲወጣ ዓለም ሰማቸው። በ2013 ደግሞ ኢየሩሳሌም ውስጥ የፒያኖ ኖታዎቻቸው በመጽሐፍ ታተሙ። በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ። ሁለቱን ነገሮች ለዩልኝ። ቅጂው የእማሆይን ጣት አስቀረልን፤ ያ ጣት አይደገምም። ኖታው ደግሞ ሌላ ሰው፣ አይቷቸው የማያውቅ ልጅ፣ ፒያኖ ላይ ቁጭ ብሎ ሥራቸውን እንዲጫወት አስቻለ። ቅጂ ብቻ ቢቀር ሙዝየም ይሆን ነበር። ኖታ ብቻ ቢቀር እንዴት ትንፋሽ እንደሚወስዱ ማን ያውቅ ነበር? ሁለቱ ስላሉ ሥራው በሕይወት አለ።

አሁን ወደ ቤታችን። ዋጋው የሚከፈለው እዚህ ነው።

ከአራቱ ታዋቂ ቅኝቶች አንዱ ባቲ ይባላል። ባቲ የት ነው? እዚሁ ዞናችን ውስጥ! አንዱ አምባሰል ይባላል፤ እሱም ወሎ ነው። የአውሮፓ ተማሪ ኢትዮ ጃዝ ሲያጠና የባቲን ስም ይጠራል፣ ደብተሩ ላይ ድምፆቹን ይጽፋል። የባቲና የከሚሴ ልጅ ግን የሰፈሩ ስም የዜማ ስም መሆኑን እንኳ ሳያውቅ ትምህርቱን ሊጨርስ ይችላል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይሄ አይደለም?

የማውቀው አንድ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ነበር፤ የት እንደሆነ ይቅር። መምህሩ ሰሌዳ ላይ አምስት መስመር አሰመረ። ልጆቹ በማስመሪያ ገለበጡ። «ሙሉ ኖታ፣ ግማሽ ኖታ፣ ሩብ ኖታ» ጻፉ። ተፈተኑ። በዓመቱ ውስጥ አንድም ድምፅ አልተሰማም። አንድም! ድስት ሳይጣድ የወጡን ጣዕም ግለጹ ማለት ነው። መምህሩ ላይ አልፈርድም፤ ድምፅ ማጫወቻ አልተሰጠውም፣ ሥልጠናም አላገኘም። ግን በሱ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ለዚያ ክፍል ይበቃ ነበር። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና ዕይታ ጥበባት» የሚል ትምህርት አለ፤ ስሙ ያምራል። ክወና ያለ ድምፅ እንዴት ይሆናል?

በሌላ በኩል ደግሞ ድምፅ ያለ ጽሑፍ ሞልቶናል። የሐድራ ቅጂ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ድቤው ቃሉን ውጦታል። የፋይሉ ስም «ኦዲዮ 0047» ነው። የዘማሪው ስም የለም፣ ቦታው የለም፣ ዘመኑ የለም። አማርኛው፣ ኦሮምኛውና ዓረብኛው ተቀላቅሎ ሲወርድ ወጣቱ የመሰለውን ይቀበላል። አንዱን ስንኝ ሁለት ልጆች በሁለት ዓይነት ቃል ሲሉት ሰምቻለሁ፤ አንደኛው ትርጉም አለው፣ ሌላኛው ምንም ማለት አይደለም። ሁለቱም ከአንድ ቅጂ ነው የሰሙት! የሚያርማቸው ማነው? ያ መንዙማ የወጣበት ሽማግሌ። እሳቸው ዛሬ አሉ። ነገ?

«ሙዚቃ ይሰማል እንጂ አይነበብም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ነው ጥፋቱ። «ቀድቼዋለሁ፣ ስለዚህ አለ» የሚል የሐሰት ዕረፍት ይሰጣል። መቅዳት ግማሽ ሥራ ነው። ቃሉ በጽሑፍ ካልተቀመጠ፣ የት ላይ ተቀባዩ እንደሚገባ፣ የት ላይ ድቤው እንደሚቀየር፣ የቱ ቃል ተስቦ የቱ ተቆርጦ እንደሚባል ምልክት ካልተደረገበት፣ የቀረን ጫጫታ ነው። ጣፋጭ ጫጫታ፣ ግን ጫጫታ።

ለኖታ አምላኪዎችም አንድ ቃል አለኝ፤ ወገኖቼ ናቸውና አልምራቸውም። ወረቀቱን የያዘ ሁሉ አድማጭ አይደለም። እንደ ፈተና አራሚ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ የተጫዋቹን ስሕተት ሲቆጥር የሚያመሽ አለ። ኖታ የማያነበውን ሰው እንደ መሃይም የሚያይም አለ። ይሄ ጉራ ነው። ኖታ የማያነቡ እናቶቻችን በሠርግ ላይ የሚያወርዱትን ዜማና ምት ጽፈህ ጨርሰው ብትባል አንድ ዓመት አይበቃህም። ወረቀቱ ትሕትና ካላስተማረህ አጥፈህ አስቀምጠው።

«ይሄ የሀብታም ነገር ነው» ለሚሉም አጭር መልስ። ቤትሆቨን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1827 ነው፤ ኖታው የማንም ንብረት አይደለም፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይወርዳል። መብራት በመጣ ሌሊት፣ ኔትወርክ በተሻለ ሰዓት አንዴ አውርዱት፤ ከዚያ በኋላ ዳታ አይበላም። አንድ ስልክ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ። ለአንድ ጨዋታ ኳስ በዲኤስቲቪ የምንከፍለውን እንኳ አይጠይቅም።

እንዴት ይጀመራል ለምትሉኝ፣ እኔ ለልጆች የምለው ይሄን ነው። መጀመሪያ ወረቀት ሳትይዙ ስሙ፣ ልባችሁ የሚለውን ይበል። ሁለተኛ ጊዜ ወረቀቱን ዘርግታችሁ አንዲት መስመር ብቻ በጣት ተከተሉ፤ ሃያውን መስመር በአንዴ እይዛለሁ ያለ ይጠፋል። ከጠፋችሁ አትደንግጡ፤ ሁሉም የሚያርፍበት ትልቅ ዝምታ ወይም ከበሮ የሚገባበት ቦታ ላይ ቀድማችሁ ጠብቁት፣ ይመጣል። ሦስተኛ ጊዜ ወረቀቱን ዝጉትና ስሙ። ያኔ ስሜቱ ሞተ ወይስ ጨመረ፣ ራሳችሁ ፍረዱ። በኔ ዘንድ «ልብን ይገድላል» የሚለው ክርክር እዚህ ሦስተኛው ላይ ያበቃል። የፍቅረኛህን ደብዳቤ ደግመህ ስታነብ ፍቅሩ ቀነሰ?

በዚሁ መንገድ በመንዙማው እንሂድ። ከናንተ የምጠይቀው ይህን ነው።

ስልካችሁ ላይ የሽማግሌ ድምፅ ያላችሁ ሁሉ፣ በዚህ ሳምንት አንዱን ብቻ ምረጡ። ደብተር ያዙ። የዘማሪውን ስም፣ ቦታውን፣ የተቀዳበትን ቀን ከላይ ጻፉ። ቃሉን መስመር በመስመር አውርዱት፤ በግዕዝ ፊደልም ይሁን በዐጀሚ፣ ኦሮምኛውንም በለመዳችሁት ፊደል። ያልገባችሁን ቃል በመሰለኝ አትሙሉት፤ ክፍት ተዉት። ከዚያ ደብተሩንና ስልኩን ይዛችሁ ወደ ባለቤቱ ሂዱ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፣ ድምፁን አሰሟቸው፣ ክፍቱን ቦታ ያስሞሏችሁ። የሚሳበው ላይ መስመር፣ የሚቆረጠው ላይ ነጥብ አድርጉ። አምስቱን መስመር የምታውቁ ደግሞ ከሥሩ ዜማውን ጨምሩ። ትክክል አይሆንም፣ ግድ የለም፤ ድምፁ አጠገቡ አለ፣ የሚመጣው ያርመዋል።

መምህራን፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አሥር ደቂቃ። ሰሌዳው ላይ አንዲት መስመር፣ ስልካችሁ ላይ አንድ ድምፅ። የባቲን ዜማ ከባቲ ጀምሩ እንጂ ከቪየና አትጀምሩ። ቪየና ኋላ ይደርሳል፤ ባቲን በዓይኑና በጆሮው የተከተለ ልጅ ቤትሆቨን አይከብደውም።

እኔ ኖታ ማንበብ ለሚፈልግ የጨፋ ሮቢትና የከሚሴ ልጅ ሁሉ ያለኝን አካፍላለሁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ደብተርና ስልክ ይዛችሁ ኑ፤ ቡናው ከኔ።

መቃወም የፈለገም ይቃወመኝ። ግን «ይሰማል እንጂ አይነበብም» ብሎ አይመልስልኝ፤ እሱን ሰምቼዋለሁ።